ከጣርማ በር መስኮት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ጣርማ በርን ያውቃታል፤ ሌላው ቢቀር ብርዷን ያውቃል። ደብረ ብርሃን ከታለፈ በኋላ መንገዱ የገብስና የባቄላ ማሳዎችን፣ በድንጋይ የታጠሩ ግቢዎችንና የባሕር ዛፍ ረድፎችን ግራና ቀኝ እየተወ ይጓዝና፣ ሜዳው ያበቃ በመሰለበት ስፍራ መኪናው ተራራውን ሰንጥቆ ከሚያልፍ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ይህ ዋሻ ጣሊያን አገራችንን ይዞ በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ያስቆፈረው ሲሆን፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሾፌሩ መብራት ያበራል፤ ሕፃናት ዝም ይላሉ፤ አንዳንድ እናቶች ዱዓ ያደርጋሉ። ከዚያ ብርሃን ሲመጣ አገሩ ተለውጦ ይገኛል። ደጋው ሜዳ ከኋላ ቀርቷል፤ ከፊት ገደል፣ ከገደሉ ሥር የደብረ ሲና ቤቶች፣ ከእነርሱም ባሻገር እስከ አፋር ቆላ ድረስ የሚዘረጋ ሰማያዊ ባዶነት ይታያል። ጉም ካልሸፈነው ማለታችን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍነዋል።

በሸዋ ምድር «በር» የሚለው ቃል ከደጋ ወደ ቆላ የሚያሻግር ጠባብ ማለፊያ ማለት ነው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ እንደመሆኗ መጠን የውሃም በር ናት። ከወደ ምዕራብ የሚዘንበው ዝናብ በጀማ በኩል ዐባይን ይቀላቀላል፤ ከወደ ምሥራቅ የሚዘንበው ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ነጋዴም፣ ሠራዊትም በዚሁ አልፏል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ አገሩ ሁሉ የዚህችን በር ስም በጭንቀት ሲያነሣ እንደነበር አንባብያን አይዘነጉትም።

እኛ ግን ዛሬ ስለ አትክልት ስፍራ ልናወጋችሁ ነው የተነሣነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመምህራን ጓደኞቻችን ጋር በዚህ መንገድ ስናልፍ ከመካከላችን አንዱ የቻይናን አትክልት ስፍራዎች የሚያሳይ መጽሐፍ ይዞ ነበር። ከዋሻው እንደወጣን መጽሐፉን ገልጦ አንድ ሥዕል አሳየን፦ ጠባብና ጨለም ያለ መተላለፊያ፣ ከመጨረሻው ላይ ብርሃን፣ ከብርሃኑ ማዶ ኩሬ። «እነዚህ ሰዎች ጣርማ በርን አይተው ነው የሠሩት እንዴ?» አለ። ተሳሳቅን፤ ሐሳቡ ግን ከአእምሯችን አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቻይና ሱጆ የምትባል፣ በቦይና በድልድይ የተሞላች ጥንታዊት ከተማ አለች። በዚያ የነበሩ ሹማምንትና ሊቃውንት ከሥራቸው ሲገለሉ በቤታቸው ቅጥር ውስጥ አነስተኛ ዓለም ይሠሩ ነበር። በቻይናውያን ቋንቋ የአገር መልክዓ ምድር ማለት «ተራራና ውሃ» ማለት ነው፤ ስለዚህ አትክልት ስፍራም ከሁሉ በፊት ድንጋይና ኩሬ ያስፈልገዋል። ድንጋዩ ውሃ በልቶት የተቦረቦረ፣ ከሐይቅ ዳር ተለቅሞ የመጣ ይሆናል፤ እርሱ ተራራውን ይወክላል። ከዚያ ቀርከሃው፣ ጥዱና የሎተስ አበባው፣ ከዚያም ሰው ዐረፍ ብሎ የሚመለከትባቸው ትናንሽ ዳሶች ይከተላሉ። መንገዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይታጠፋል፣ ይሰወራል፣ ወዲያው ደግሞ ይገለጣል። «የመቆያ አትክልት ስፍራ» ሊባል የሚችለው ሊዩ ዩዋን ለምሳሌ ጎብኚውን መጀመሪያ በጠባብ ኮሪደር ያስጨንቀውና ኋላ በኩሬው ፊት ይለቀዋል። ከ365 እስከ 427 እ.ኤ.አ. የኖረው ታኦ ዩዋንሚንግ የተባለ ቻይናዊ ጸሐፊም አንድ ዓሣ አጥማጅ በተራራ ቀዳዳ ሾልኮ ጦርነት የማያውቅ ሰላማዊ መንደር እንዳገኘ የሚተርክ ታሪክ ጽፏል፤ የአትክልት ስፍራ ሠሪዎቹ ይህን ታሪክ ከልባቸው ይወዱታል ይባላል።

ከሱጆ አትክልት ስፍራዎች ሁሉ የታወቀው ጁጀንግ ዩዋን ሲሆን፣ ትርጉሙ «የትሑት ሹም አትክልት ስፍራ» እንደማለት ነው። በ1500ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዋንግ ሺየንቸን የተባለ ከሹመቱ የተገለለ ባለ ሥልጣን የመሠረተው ሲሆን፣ ስፋቱ አምስት ሄክታር ያህል ነው። ዝነኛው ሠዓሊ ወን ጀንግሚንግ የስፍራውን ገጽታዎች በሥዕል አስቀርቶለታል። ዋንግ ብዙ ደክሞ ያሠራውን ይህን ስፍራ ልጁ በቁማር እንዳስበላው ይተረካል፤ ወጣቶቻችን ልብ ይበሉ ብለን እንዳንመክር አርእስታችን አይፈቅድልንም እንጂ! ከዚያ በኋላ ስፍራው ብዙ ባለቤቶችን አፈራርቆ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ከሌሎች የሱጆ አትክልት ስፍራዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከጥበባቸው ሁሉ እኛን የገረመን «መዋስ» የሚሉት ነው። ጂ ቸንግ የተባለው ሊቅ በ1631 እ.ኤ.አ. በጻፈው የአትክልት ስፍራ አሠራር መጽሐፍ ይህን በሰፊው አስተምሯል። ከቅጥርህ ውጭ ያለውን ተራራ ወይም ግንብ ልታመጣው አትችልም፤ ግድግዳህን፣ ዛፍህንና መስኮትህን እንዲታይ አድርገህ ካስተካከልክ ግን በዓይንህ ተውሰኸዋል ማለት ነው። በትሑቱ ሹም ኩሬ ዳር ለቆመ ሰው በዛፎቹ መካከል አንድ ረጅም ግንብ ይታየዋል፤ ግንቡ ግን ከግቢው ውጭ፣ ራቅ ብሎ በከተማው ውስጥ የቆመ ነው። ግድግዳዎቹም ላይ እያንዳንዳቸው የተለያየ ጥልፍልፍ ያላቸው መስኮቶች ተከፍተዋል።

ጣርማ በር አካባቢ ከገደሉ አፋፍ ላይ «የምኒልክ መስኮት» የሚባል መመልከቻ አለ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በዚያ አፋፍ ሣር እየነጩ ይውላሉ፤ ሲመሽ ሌሊቱን ለማሳለፍ ገደሉን ይወርዳሉ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያላቸው፣ ኑሯቸውም በሣር የሆነ እንስሳት ናቸው። (ከመኪና ብስኩት የምትወረውሩላቸው መንገደኞች፣ እባካችሁ ተዉአቸው!) ከዚያ መስኮት ቆሞ ወደ ደቡብ ላየ ሰው፣ ከደብረ ሲና አንሥቶ ወደ አንኮበር አቅጣጫ በገደሉ ወገብ ላይ የተጋደመ ጥቁር ደን ይታየዋል። ወፍ ዋሻ ይባላል። ከሥር 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጀምሮ እስከ 3,600 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ታች ወይራና ዝግባ፣ ከፍ ሲል ጥድና ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ ይገኛሉ። በዚህ አካባቢ ገደላ ገደል የምትኖረውን አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ የሳይንስ ሰዎች በ1979 እ.ኤ.አ. በአንኮበር ስም ሰይመው መዝግበዋታል።

ወፍ ዋሻ የተፈጥሮ ደን ነው፤ ሆኖም ያለ ሰው ፈቃድ እስከ ዛሬ የቆየ አይደለም። ዙሪያው ያለው ደጋ ለሺህ ዓመታት ሲታረስ፣ እንጨቱም ሲማገድ የኖረ አገር ነው። ደኑ የተረፈው ነገሥታት ስለከለሉት፣ ገደሉም ስላገዘው ነው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻ ተራራ ተራቁቶ ባዩ ጊዜ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘርና ችግኝ አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን የዚያ ተከላ ልጅ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የሱጆው ዋንግ ኩሬውን ከመቆፈሩ ከአርባ ዓመታት በላይ አስቀድሞ በአገራችን ተራራ ሙሉ ጥድ ተተክሎ ነበር።

በዚህ ጉዟችን ያገኘናቸውን አንድ የአካባቢው አዛውንት፣ «አባባ፣ ይህ ደን የማን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ብትራቸውን ተደግፈው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ድሮ የንጉሥ ነበር፤ ኋላ የመንግሥት ሆነ። የእኛ ቢሆን ኖሮማ ልጆቼ፣ እንዲህ ባልሳሳ» አሉን። እኚህ ሰው ትክክል ይሁኑ አይሁኑ ለመመዘን ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ መያዝ ያስፈልጋል።

ያ መንገድ የመንዝን ከፍታ እየተከተለ ጓሳ ወደሚባለው ስፍራ ያደርሳል። ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ስፍራውም በሣሩ ተጠርቷል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ዛፍ የሌለው ብርዳም አምባ ነው። ለአበባ የመጣ ጎብኚ ምናልባት «የታል?» ይል ይሆናል። የመንዝ ሰው ግን ያለዚያ ሣር አይኖርም ነበር። ቤቱን የሚከድነው በጓሳ ነው፤ ገመዱን የሚገምደው ከጓሳ ነው፤ ዝናብ የሚከላከልበትን ጌሣ የሚሠራው ከጓሳ ነው። በድርቅ ጊዜ ከብቱ የሚተርፈውም በዚያው ነው።

ይህን ስፍራ ለመጠበቅ የአካባቢው ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» የተባለ ሥርዓት ነበራቸው። አስቦ እና ጌራ የተባሉት የአገሩ ቀደምት አባቶች ዘሮች መሬቱን ለሁለት ተካፍለው፣ በየወገናቸው አለቃ እየመረጡ ይጠብቁት ነበር። ስፍራው ሲዘጋ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። አለቃው ሣሩ መድረሱን አይቶ፣ የሕዝቡንም ችግር መዝኖ ሲፈቅድ ብቻ በደረቁ ወራት ይከፈታል። የጣሰ ሰው ቅጣቱ የከበደ ነበር። ጥበቃውም ተራ እየገባ በራሱ በሕዝቡ ይከናወን ነበር፤ ደመወዝተኛ ዘበኛ አልነበረም።

ሙስሊም አንባቢ ይህን ሲሰማ «ሒማ» የሚለው ቃል ትዝ ሊለው ይገባል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አቅራቢያ አን-ነቂዕ የተባለውን ሸለቆ ለሙስሊሞች ፈረሶች ግጦሽ ከልለውት እንደነበር በሐዲስና በታሪክ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ከእስልምና በፊት በነበረው ዘመን ኃያላን ሰዎች ለግላቸው ሜዳ ይከልሉ ነበር፤ እስልምና ያንን ሽሮ ክልል ለሕዝብ ጥቅም ብቻ እንዲሆን አደረገ። የመዲና ሐረምም ዛፉ እንዳይቆረጥ የተከለከለ መሆኑን የማያውቅ የለም። በመንዝ ተራራ ላይ ያሉ ክርስቲያን ገበሬዎችና የመዲና ሙስሊሞች ሳይተዋወቁ በአንድ ዓይነት መንገድ ማሰባቸው እኛን በጣም አስደስቶናል።

ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ቄሮ እንከን የለሽ ሥርዓት አልነበረም። መብቱ የርስት መብት ነበረ፤ ርስት የሌለው ሰው በጓሳ ላይ ድርሻ አልነበረውም። በብዙ የደጋ አገር ደግሞ ሙስሊሙና ባለ እጁ ርስት እንዳልነበራቸው ታላላቆቻችን በሚገባ ያስታውሱታል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህን በደል ሻረ፤ ከበደሉ ጋር ግን ቄሮም አብሮ ሄደ። መሬቱ የሁሉም ሆነ ሲባል ጠባቂ አጣ፤ ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ከብት በየወቅቱ ተሰማራበት፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። የአካባቢው ሰዎች ይህን አይተው ዝም አላሉም። ሥርዓቱን በአዲስ መልክ፣ ያለ ርስት ልዩነት፣ በቀበሌና በማኅበር አደራጅተው መልሰው አቆሙት፤ በኋላም የክልሉ መንግሥት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠው። ለእኛ ከሱጆ ኩሬዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል። የዋንግን ግድግዳ ያቆመው የአንድ ሰው ገንዘብ ነው፤ አንድ ልጅ በአንድ ሌሊት ሊያስበላው ችሏል። ጓሳን በአንድ ሌሊት የሚያስበላ የለም።

በጓሳ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ የሚቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ይኖራሉ። ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት አንድ ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ቀበሮው ለዚህ ሲል የጭላዳዎቹን ግልገሎች አይነካም፤ እነርሱም አይሸሹትም። ሱብሓነላህ! ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ፣ ቀበሮውና ጭላዳው አብረው ተጠበቁ።

ከጣርማ በር በታች ያለው ቁልቁለት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ደብረ ሲና አቅራቢያ በይዛባ ወይን አካባቢ መሬቱ ተንሸራትቶ ብዙ ቤቶችን ከነማሳቸው አፈራርሷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተፈናቅለዋል። ያጠኑት ሰዎች መንሥኤውን አንድ ብቻ አላደረጉትም፦ የተሰባበረው የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ የቁልቁለቱ ቀጥ ማለት፣ ከሥር የሚሰርገው ውሃና ብርቱው ዝናብ ተደምረው ነው። ዛፍ ብቻውን እንዲህ ያለውን ተራራ ይዞ ያቆማል ብለን አንዋሽም። ነገር ግን የተራቆተ ቁልቁለት የላይ አፈሩን በየክረምቱ እንደሚለቅ ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በሐምሌ ወር ወንዞቹን መመልከት ይበቃል።

ከዚያ ቁልቁለት ሥር ኢፋት ነው። ከ1285 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት አገር ይህ ሲሆን፣ በ1349 እ.ኤ.አ. ያረፈው የደማስቆው ሊቅ አል-ዑመሪ ስለ ኢፋት ሲጽፍ ሸንኮራ አገዳውን፣ ሙዙን፣ ሎሚውን ቆጥሯል። ጫቱንም አልረሳም! ስለዚህ ከስድስት መቶ ሰባ ዓመታት በፊት ደማስቆ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ኢፋት ፍሬ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከሸዋ ሮቢት ዙሪያ ኖራና አስበሪ የተባሉት ከተሞች ፍርስራሽ፣ ከነመስጊዶቻቸው፣ በፈረንሳይ የታሪክ ተመራማሪዎች ጥናት ተገልጧል፤ ጎዜ ላይ ያለው ጥንታዊ መስጊድም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። የአርጎባ ገበሬዎች በድንጋይ እርከን እየደገፉ የሚያለሙት ማሳ ዛሬም የዚያን ዘመን እጅ ያስታውሳል።

ስለ መስጊድ ከተነሣ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በቻይና ሺያን ከተማ ያለው ታላቁ መስጊድ አሁን ባለው መልኩ በ1392 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ጉልላት የለውም፤ ሚናራውም ባለ ስምንት ማዕዘን የቻይና ግንብ ነው። ምእመኑ ወደ ሶላት ለመድረስ እርስ በርስ የተያያዙ ግቢዎችን ማለፍ አለበት፤ በየግቢው ዛፍ፣ የድንጋይ በርና ዳስ አለ፤ የከተማው ጫጫታ ከበር ወደ በር እየቀነሰ ይሄዳል። ከሶላት ቤቱ ሲደርስ ልቡ ተሰብስቧል ማለት ነው። እኛ ጋ ግን አዲስ መስጊድ በተሠራ ቁጥር የመጀመሪያው ሥራ የግቢውን ዛፍ ቆርጦ ሲሚንቶ ማልበስ ሆኗል። ጥላ ፈልጎ ደግሞ ቆርቆሮ ይዘረጋል። ዛፍ ለማጠጣት የውዱእ ውሃ እንኳ ይበቃ እንደነበር የሚያስተውል ጠፋ። ኮሚቴዎቻችን በዚህ ላይ ቢነጋገሩ መልካም ይመስለናል።

የሺያን ሙስሊም ወደ ምዕራብ ዞሮ ይሰግዳል። ጣርማ በር ላይ ግን ቂብላው ቀጥ ብሎ ሰሜን ነው፤ ስፍራዋ ከመካ ጋር በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናት ማለት ይቻላልና። እኛም በዚያ አፋፍ ዙህርን አሳጥረን ስንሰግድ በግራችን የመንዝ ደጋ፣ በቀኛችን የኢፋት ቆላ ነበር።

ለመሄድ የምታስቡ ቤተሰቦች ካላችሁ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ጸጥታ ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ ደብረ ሲና ወደ 190 ይጠጋል። ጉሙ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ማልዶ መውጣት ይሻላል። ለልጆች ወፍራም ልብስ፣ ለአዋቂ ጋቢ አይቅር። በፔርሙዝ ደግሞ ከሻይ ሌላ ለውዱእ የሚሆን ሙቅ ውሃ ያዙ፤ የጣርማ በር ውሃ በሐምሌም ሆነ በታኅሣሥ ጣት ያደነዝዛል።